ለአንድ ክንድ የምትበቃ ክር

ወፍጮው ድልድይ ላይ ስንደርስ የሐኪም ኤልናታን ፔክን ባርኔጣ ነፋስ ነጥቆ ወንዝ ውስጥ ጣለው፤ እሳቸው ግን ዞረውም አላዩት። ነገሩ የምር መሆኑ አጥንቴ ድረስ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ተለያይተን ስንኖር “ዶክተር ለባርኔጣቸው የሚሳሱትን ያህል ለበሽተኛ ሲሳሱ አላየሁም” እያልኩ በፊታቸው ስቀልድ ኖሬያለሁ። አሁን ያ ባርኔጣ እየተንሳፈፈ ሲሄድ፣ በኤሊም መንደር ከሳቸው በቀር ሰው ሁሉ የተወው ነጭ ዊግ ጆሯቸው ላይ ተንጋዶ፣ ፈረሳቸውን በተረከዝ እየጎሰሙ ዳገቱን ሽቅብ ይጋልባሉ።

እኔ ከኋላ ነኝ። ለአገሩ ሁሉ ኮርቻ የምሰፋ ሰው የራሴ ፈረስ ስለሌለኝ፣ የወፍጮ ቤቱን የጋሪ ፈረስ ተውሼ እየተንገጫገጭኩ እከተላለሁ። መጋቢት ገብቷል። በረዶው ቀልጦ መንገዱ እስከ ፈረስ ጉልበት ጭቃ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ፀሐይም ከአናት ዘንበል ብላለች።

“ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣችው?” አሉ ሳይዞሩ።

“ነገርኩዎት እኮ። ቁርስ እንደበላን።”

“በእግሯ?”

“በእግሯ። ቅርጫት ሙሉ የበቆሎ ቂጣ ይዛ።”

“ምናለ ሰነፍ ልጅ ብትሆን ኖሮ!” አሉ ሐኪሙ። “ምናለ መንገድ ላይ ቆማ የምታወራ ልጅ ብታሳድግ!”

የምንጋልበው ልጄ ዓክሳ የፈንጣጣ ቤት ገብታ በሽተኛውን ሳትነካ ለመድረስ ነው።

የፈንጣጣ ቤታችን ከኩሬው ማዶ፣ ከመንደሩ አንድ ሰዓት ራቅ ብሎ ነው። ከአስር ቀን በፊት ያቤጽ የሚባል መርከበኛ ከዌስት ኢንዲስ ደሴቶች ሩም የሚባለውን አረቄ ጭኖ ከመጣ መርከብ ወርዶ ወደ አክስቱ ቤት ሲመጣ ታመመ፤ ፊቱ ላይ ሲወጣበት የመንደሩ ሹማምንት በበረዶ መንሸራተቻ ጭነው እዚያ ወሰዱት፣ በራፉም ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቀሉ። የሚያስታምሙት አሮጊቷ አዋላጅ እማማ ጣቢታ ናቸው፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ፊታቸውን እንደ ወንፊት በስቶት ስለሄደ ተመልሶ አይነካቸውም። ግን ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ያን የሚያህል ሰው ገልብጠው ማስተኛት አይችሉም። መንደሩ ጉልበት ያለው ረዳት ሲፈልግ የአሥራ ስምንት ዓመቷ ዓክሳ ተነስታ “እኔ እሄዳለሁ፤ እኔ ዶክተር ከትበውኛል” አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሸኘኋት። ኮርቻ ቤቴ ገብቼ እያፏጨሁ ስሰፋ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ፖስተኛው በፈረስ መጣ። ለሐኪሙ ከቦስተን፣ አብሯቸው ሐኪምነት ከተማረ ጓደኛቸው፣ ሁለት ገጽ ደብዳቤና በሰም የተደፈነ አንድ የዝይ ላባ አገዳ አመጣላቸው። አገዳው ውስጥ ከሰው ፈንጣጣ በሚያድነው በላም ፈንጣጣ ውሃ የተነከረች፣ የደረቀች አንዲት ክር አለች። ሐኪሙ ደብዳቤውን እኔ በር ላይ ቆመው አነበቡ። ከዚያ ገና ቆዳ ያልለበሰ ኮርቻ ላይ ቁጭ አሉና “አንተም አንብበው” ብለው ሰጡኝ።

ሦስት ክረምት ነው የተማርኩት፤ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። እንዲህ ይላል፦ የላም ፈንጣጣውን ከተከተበ ሰው ክንድ ወደ ሌላ ስታሻግር በስምንተኛው ቀን ቅዳ፤ ውሃው እንደ ጠል የጠራ ሲሆን። ቢዘገይ በዘጠነኛው። በአሥረኛው ነጥቶ መግል ከሆነ በኋላ የምትቀዳው ከንቱ ነው። ክንድ ያብጣል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ እናት ትደሰታለች፤ ፈንጣጣ ግን ሲመጣ ያን ጠባሳ አያውቀውም። እውነተኛው ጠባሳ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ነው፤ ሐሰተኛው እንደ ቃጠሎ ለስላሳ ነው።

“በወስፌ የተነቀሰ የሚመስል” አልኩ፣ ለራሴ።

“የዓክሳ ክንድ እንዴት ነው?” አሉ ሐኪሙ።

የልጄን ክንድ አውቀዋለሁ። ለስላሳ ነው።

ሐኪም ኤልናታን ትልቅ ትምህርት ቤት የገቡ ሰው አይደሉም። በኛ አገር ሰው ሐኪም የሚሆነው ሌላ ሐኪም ቤት ሰባት ዓመት ሥር ሲወቅጥ፣ ፈረስ ሲያበላ፣ ደም የሚቀዳበትን ሳህን ሲያጥብ ኖሮ ነው። እሳቸውም እንዲሁ ነው የሆኑት። ጥርስ ይነቅላሉ፣ አጥንት ይጠግናሉ፣ ፀደይ በገባ ቁጥር ከኔ ክንድ አንድ ሳህን ደም ይቀዳሉ። “ኮርቻ ሰሪ ቁጭ ብሎ ስለሚውል ደሙ ይወፍራል” ይሉኛል። “ሐኪምስ ሲያወራ ስለሚውል ደሙ ይቀጥናል?” እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ግን አይምሩኝም። ባለፈው በጋ የላም ፈንጣጣው ወሬ ከእንግሊዝ ተሻግሮ ሲደርስ፣ በአካባቢያችን ካሉት ሐኪሞች ሁሉ ቀድመው የያዙት እሳቸው ናቸው። በዚህም አንድ ወር ሙሉ ሲኮሩ ከርመዋል።

የመጀመሪያዋ ክር የመጣችው ባለፈው ሐምሌ ነው። እሷም ለአንድ ክንድ ብቻ ነበር የምትበቃው። ቅዳሜ ቀን የወፍጮ ቤቱን ትንሽ ልጅ ከተቡበት። ከዚያ ስምንት ቀን ሲቆጠር እሑድ ላይ ወደቀ።

በዚያ ዓመት የሰንበት ጠባቂ እኔ ነበርኩ። በመንደሩ ጉባኤ እጅ ወጥቶልኝ፣ ዘንጉን ተረክቤ፣ የናሱን ጉልላት ሳምንቱን ሙሉ ስወለውል የሰነበትኩ ሰው ነኝ። ዘንጉ በአንድ ጫፉ የናስ ጉልላት አለው፤ በስብከት መሃል የሚያወራ ልጅ ይመታበታል። በሌላው ጫፉ የቀበሮ ጭራ ታስሮበታል፤ ያንቀላፋች ሴት አፍንጫዋ ይነካበታል። በሰንበት ያለ ፈቃድ የሚጓዝንም ሰው መንገድ ላይ ማስቆም የኔ ሥራ ነው።

ያን እሑድ ጠዋት ሰው ወደ ጸሎት ቤት ሲወጣ ሐኪሙ በፈረስ ወደ ወፍጮው ሲወርዱ አገኘኋቸው። ዘንጌን መንገዱ ላይ አጋደምኩት።

“ወዴት ነው ዶክተር?”

“ወፍጮ ቤት። የልጁ ክንድ ደርሷል።”

“ልጁ ታሟል?”

“አልታመመም፤ ግን...”

“ካልታመመማ የምሕረት ሥራ አይደለም። ነገ ይደረሳል።”

ሐኪሙ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ ዘንጉን፣ ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ወደ ጸሎት የሚወጣ ሕዝብ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ፊንያስ እንደ ልማዳቸው አሳሉ። ሐኪሙም “ጎረቤቴ ጄኔራል ሆኖልኛል!” ብለው ሳቁና ፈረሳቸውን መለሱ። እኔም ሳቅሁ። ሰኞ ከዳገቱ ባሻገር ምጥ የጠናባት ሴት ዘንድ ተጠርተው ውለው አደሩ። ወፍጮ ቤት የደረሱት ማክሰኞ ነው። ከዚያ ክንድ ቀድተው ሠላሳ አንድ ሰው ከተቡ፤ የመጀመሪያዋ ዓክሳ ነበረች፤ ጎረቤት ነኝ ብዬ እንዲያስቀድሙልኝ የለመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የኩሬው ዳር ስንደርስ መንገዱ ሰፋ፤ ጎን ለጎን ሆንን።

“ዶክተር፣ ያን እሑድ እኔ ባልመልስዎት ኖሮ...”

“መንገድ የዘጋኸው በእንጨት ነው” አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። “ፈረሴ ከዚያ የሚበልጥ አጥር ስትዘል አይተሃል። መመለስ ፈልጌ ነው የተመለስኩት።”

“ለምን?”

“ሰው እያየኝ ነበራ።”

ቀዩ ጨርቅ ከዛፎቹ በላይ ታየን።

የፈንጣጣ ቤቱ ሁለት ክፍል ያለው የሳንቃ ቤት ነው፤ ዙሪያውን ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለው። ሐኪሙ ከካቡ ሠላሳ እርምጃ ሲቀራቸው፣ ነፋሱ ከኋላቸው በሚመጣበት በኩል ፈረሳቸውን አቆሙ። እኔ እስከ ካቡ ሄድኩ። በሩ ተከፍቶ ዓክሳ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በሁለት እጇ የታጠበ ጨርቅ ታቅፋ ወጣች።

“አባዬ! ምን ሆነህ ነው? የማንን ፈረስ ነው እንዲህ በላብ ያጠመቅከው?”

“ነክተሽዋል?” አልኳት።

“ማንን? ያቤጽን? አጥቤዋለሁ፣ አገላብጬዋለሁ። ሰውነቱ አንሶላው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በለብ ያለ ውሃ እያራስኩ ነው ያላቀቅኩት። ምነው?”

ካቡን ያዝኩ። ሐኪሙ ከሩቅ በትልቁ ድምፃቸው ሁሉንም ነገሯት። አላሳጠሩም፣ አላሳመሩምም። “ክትባትሽ ባዶ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው” አሏት።

ዓክሳ ጨርቁን አላስቀመጠችም። ክንዷን ገልብጣ ያን ለስላሳ ጠባሳ አየችው።

“ወይ ጉድ” አለች ቀስ ብላ። “ስንት ሰው አሳይቼዋለሁ።”

እማማ ጣቢታ በሩ ላይ ብቅ አሉ። “ምንድነው ይሄ ጩኸት? በሽተኛዬ ገና ማንቀላፋቱ ነው።” ነገሩን ሲሰሙ ሐኪሙን ከዊጋቸው እስከ ቡት ጫማቸው አዩዋቸው። “ባለፈው በጋ የላም ፈንጣጣ የያዘው አላቢ ክንድ እንደዚህ አይደለም ብዬህ አልነበር? ‘እማማ፣ ይሄ ሳይንስ ነው’ አልከኝ።”

“ብዬዎታለሁ” አሉ ሐኪሙ።

“ሳይንሱ ታዲያ የት ደረሰ?”

“እማማ፣ ስድቡን በኋላ ያድርሱ” አልኩና ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። “ዶክተር፣ ክሯ። አሁን ይክተቧት። ደብዳቤው ላይ አንብቤዋለሁ፤ የላሟ ፈንጣጣ ቶሎ ስለምትደርስ ዛሬ ጠዋት የገባባትን የሰው ፈንጣጣ ልትቀድመው ትችላለች። የላሟ ደግሞ ማንንም አትገድልም።”

ሐኪሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የዝይ ላባው ከኮታቸው ስር ነው።

“አይሆንም፣ አሳሄል።”

“እንዴት አይሆንም?”

“ይህቺ ክር ለአንድ ክንድ ነው የምትበቃው። ሌላ እስኪመጣ አንድ ወር ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ክንድ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ የላሟንም የሰውንም። ከዚያ ላይ ቀድቼ ልጆቹን ብከትብ የምሰጣቸው መዳን ይሁን ሞት አላውቅም። ያቤጽ ደግሞ አክስቱ ቤት ሁለት ቀን ተኝቷል፤ ግማሹ መንደር ሊጠይቀው ገብቶ ወጥቷል። ሌላው መቼ እንደሚወድቅ አናውቅም።”

“ስጠኝ” አልኩ።

“አሳሄል...”

“ስጠኝ! አንተ ነህ ያበላሸኸው፤ አንተው አስተካክለው!” በሃያ ዓመት ጉርብትና አንድ ቀን እንኳ አንተ ብያቸው አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ ፈረሱም የደነገጠ መሰለኝ። “ለማን ልታደርገው ነው? እ? ለማን?”

“ለቃስያ” አሉ ሐኪሙ።

ቃስያ የሰባት ዓመት ልጃቸው ናት፤ ለስላሳ ጠባሳ ካላቸው ከሠላሳ አንዱ አንዷ።

“ለልጅህ!”

“ለልጄ። ነገ ጠዋት ጉባኤው ፊት ቆሜ ‘የከተብኳችሁ ሁሉ ባዶ ነው’ እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ክንዱን የሚሰጠኝ ማን ነው? በስምንተኛው ቀን ደጃፍ ሳልለምን የማገኘው አንድ ክንድ ብቻ ነው ያለኝ። ቤቴ ውስጥ ያለው።” እጃቸውን ከደረታቸው አላነሱም። “ስግብግብ ነህ ልትለኝ ትችላለህ። እኔም ራሴን መንገዱን ሁሉ ስጠይቅ ነው የመጣሁት።”

ካቡን ዘልዬ ልነጥቃቸው አስቤ ነበር። አልዋሽም። ሰውየው ቀጭን ናቸው፤ እኔ የበሬ ቆዳ ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ እግሬን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ነበር።

“ስለ እኔ ከሆነ የምታወሩት፣ እዚህ ቆሜያለሁ እኮ” አለች ዓክሳ።

ሁለታችንም ዞርን።

“ዶክተር፣ ላሟ ሳትመጣ በፊት ሰው እንዴት ነበር የሚከተበው? አባዬስ ጦርነቱ ጊዜ እንዴት ተከተበ?”

“ከፈንጣጣው ከራሱ” አሉ ሐኪሙ። “በምላጭ ጫፍ፣ ቆዳ ላይ።”

“እሱስ ይቀድማል?”

“በቆዳ የገባው በአፍንጫ ከገባው ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀለል ብሎም ያልፋል።” ወደ እኔ አዩ። “ብዙውን ጊዜ። ከብዙ መቶ ሰው ጥቂት ይሞታል። እንዲሁ የያዘው ከሆነ ከስድስቱ አንዱ ይሄዳል።”

“እንግዲያማ አለቀ” አለች። “አባዬ፣ እግርህን ከድንጋዩ አውርድ።”

“ዓክሳ!”

“ቃስያ ከእሑድ እስከ እሑድ አንገቴ ላይ የምትንጠለጠል ልጅ ናት። ክሯን ከሷ ነጥቄ ስድን፣ ጠዋት ጠዋት ምን እላታለሁ?”

እግሬን አወረድኩ።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። ሐኪሙ ያቤጽን ወይም ዓክሳን ከነኩ በዚያው እጅ ክሯን መያዝ አይችሉም። እማማ ጣቢታ ጣቶቻቸውን ዘረጉልን፤ ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። በሺህ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ክረምት ሠራዊቱ ሲከተብ ተከትቤያለሁ፤ መግባት አልፈራም። እጄም፣ ሰው እንደሚለው፣ አይንቀጠቀጥም። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ምላጫቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ወረወሩልኝ። ካቡን ዘለልኩ። ቀዩን ጨርቅ ያለፈ ሰው ጨርቁ እስኪወርድ አይመለስም፤ ያን ሳላስበው ነው ያለፍኩት።

ያቤጽ ነቅቶ ነበር። ፊቱ ፊት አይመስልም፤ ከሁለት ዓይኖቹ አንዱ ብቻ ትንሽ ይከፈታል። ምን እንደምፈልግ ነገርኩት።

“ውሰድ፣ ጋሼ” አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ። “በሕይወቴ ከኔ አንድ ነገር የፈለገ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ።”

ከክንዱ ላይ ገና ያልነጣችውን አንዲት ብጉር መርጬ የምላጩን ጫፍ አራስኩ፤ ይዤው ወጣሁ። ዓክሳ በራፉ ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጣ የግራ ክንዷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

“አሳሄል፣ ስማኝ!” አሉ ሐኪሙ ከሩቅ። “ለሴት ኮርቻ ጠርዝ ቆዳ ስትፍቅ ምላጩን እንዴት ነው የምትይዘው?”

“አጋድሜ።”

“እንደዚያው። የገብስ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ አትበልጥም። የላይኛውን ቆዳ ብቻ። ደም እንደ ጉድ እንዳይፈስ፤ ከፈሰሰ ያጥበዋል። ጠልቀህ ከቆረጥክ ብዙ ይወጣባታል። አትጫን!”

“አልጫንም።”

“እየተጫንክ ነው፤ ትከሻህ ይታየኛል!”

“ዶክተር፣ እርስዎ ከሠላሳ እርምጃ ሲያክሙ ተወላገደብኝ እኮ!”

ዓክሳ ሳቀች። ስትስቅ ክንዷ ላላ፤ ያን ጊዜ ጫርኩት። ሠላሳ ዓመት ቆዳ ቆርጫለሁ፤ የላም፣ የፈረስ፣ የአጋዘን፣ የአሳማ። ከዚያ ቆዳ የቀጠነ አልነካሁም። አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ፤ በላዩ አንዲት የደም ነጥብ። በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩላት። ምላጩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው፤ እማማ ጣቢታ አይተው “አሁን አንተም እንደኔ ሆንክ” አሉኝ። ሲሉኝ ግን እንደ ወትሯቸው በስድብ አልነበረም።

ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ወርዳለች። ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል። ሐኪሙ ፈረሳቸውን አዞሩና ቆሙ።

“ዘንግህ የት ነው?”

“ከቤቴ በር ኋላ።”

“ይቀመጥ” አሉ። “ነገ ማንም እንዲያንቀላፋ አላደርግም።”

“ዶክተር!” ብዬ ጠራኋቸው። ይቅርታ ልል ነበር፤ የወጣው ግን “ባርኔጣዎ ወንዝ ገብቷል” የሚል ነው።

አናታቸውን ዳሰሱ፤ ዊጋቸውን አቃኑ። ከዚያ ጋለቡ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ፈረሱን ሊፈልግና ስንቅ ካቡ ላይ ሊያስቀምጥልን መጣ። ከሩቅ ሆኖ እየጮኸ ነገረን። ሐኪሙ ሰባኪው አፉን ሳይከፍት ተነስተው ከቦስተን የተላከላቸው ቃል ሳይቀር ሁሉንም ተናግረዋል። ከኋላ አንዱ “ለምን በጊዜው አልቀዳህም?” ብሎ ሲጮህ፣ “ከፈንጣጣ ይልቅ ዓይናችሁን ስለፈራሁ” ብለዋል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እያቀፉ ወጥተዋል። አንዱ በራቸው ላይ ፋንድያ ለጥፎባቸዋል። የኔን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም።

“ንገራቸው!” አልኩት። “መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ በል!”

የወፍጮው ሰው ቅርጫቱን አስቀምጦ ቀና አለ። “ያውቁታል፣ አሳሄል። ሁላችንም ከኋላህ ቆመን አልነበር?”

ያቤጽ ረቡዕ ሞተ። መቃብሩን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ላዩ ጭቃ፣ ሥሩ ገና በረዶ ነበር። እስከ መጨረሻው ዓክሳ ውሃ እያጠጣችው ነበር። ዓርብ ማታ እሷም ወገቤን አለች፣ ራሴን አለች፤ ቅዳሜ የበላችውን ሁሉ መለሰች። ግንባሯ ላይ እጅ ማሳረፍ አይቻልም ነበር። እማማ ጣቢታ የክንዷን ጭረት አይተው “ይዟል” ብቻ አሉ። የያዘው እንዲያልፍ ነው ወይስ እንዲወስድ፣ አልጠየቅኋቸውም።

እሑድ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። መንገዱ ኩሬውን ዞሮ ነው አንድ ሰዓት የሚፈጀው እንጂ፣ ከፈንጣጣ ቤቱ በር በውሃው ትይዩ ጸሎት ቤቱ ኮረብታው ላይ ቅርብ ሆኖ ይታያል። በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ ዓክሳ ከኋላዬ ተኝታለች።

“አባዬ፣ ዛሬ ምንድነው?”

“እሑድ።”

“ስምንተኛው ነው?”

“ስምንተኛው ነው።”

“የቃስያ ያዘላት ይሆን?”

“እንጃ ልጄ።”

ደወሉ ቆመ። ሰው ግን አልገባም። ገርሞኝ ተነሳሁ። በሩ ፊት ያለው ጥቁር የሰው ክምችት ቀስ እያለ ቀጠነ፣ ረዘመ፤ ከደረጃው ጀምሮ እስከ ፈረስ ማሰሪያው ድረስ አንድ መስመር ሆነ። ፀሐይ ከደመናው ስትወጣ በመስመሩ ላይ ነጭ ነገር እዚህም እዚያም ብልጭ አለ። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ክንድ ነው። እጅጌ ተሰብስቦ፣ በሰንበት፣ በአደባባይ፣ የሕፃናት ክንድ። ከደረጃው ላይ አንድ ሰው አጎንብሷል፤ ከሩቅም ቢሆን ያን ነጭ ዊግ የማይለይ የለም።

“ያዘላት” አልኩ። “ሰው ተሰልፏል፣ ዓክሳ። እየቀዱ ነው።”

“ሰንበት አይደል እንዴ?”

“ሰንበት ነው።”

“ማን ፈቀደ?”

ከመስመሩ አጠገብ የናስ ጉልላት አብረቀረቀ። ዘንጌን ከቤቴ በር ኋላ ያወጣ ሰው አለ፤ ሰዉ እንዳይገፋፋ ያሰልፍበታል።

“ዘንጉን ሽማግሌ ፊንያስ ይዘውታል” አልኳት።

“ከዚህ ሆነህ እንዴት አወቅክ?”

“ሲያስሉ ሰማኋቸው።”

በትኩሳቷ ውስጥ ሳቀች። “ቁጠርልኝ” አለች። “ማንም እንዳይቀር።”

ቆጠርኩላት። የኔ ዓይን ከወስፌ ጫፍ አልፎ አያይም ብላ ስትቀልድብኝ የኖረች ልጅ ናት፤ ግን ያን ቀን አላጠፋሁም። አንድ ክንድ ደረጃው ላይ ይወጣል፣ ሐኪሙ ያጎነብሳሉ፣ ክንዱ ይወርዳል፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እላለሁ። ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን አንድ ላይ አቅፋ ወጣች፤ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ። መስመሩ አለቀ። ሐኪሙ ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ።

“ሃያ ዘጠኝ” አልኩ።

“ሠላሳ አንድ ነበርን” አለች ከኋላዬ።

“አንዷ ቃስያ ናት፤ እዚያው ተቀምጣ ክንዷን እየሰጠች ነው።”

“ሠላሳ።”

ዞርኩ። ዓክሳ ብርድ ልብሱን ገፍታ የግራ እጅጌዋን እየሰበሰበች ነው። ግንባሯ በላብ ወዝቷል። እማማ ጣቢታ ጎንበስ ብለው ክንዷን ወደ ብርሃኑ ጎተቱት፤ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ቀያይ ነጥቦች ወጥተዋል፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ራቅ ብሎ እዚያ። አሮጊቷ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

“ነጠላ ነጠላ ነው” አሉ። “አልተያያዘም፤ የሚገድለው የተያያዘው ነው። ትኩሳቱም እየለቀቃት ነው።” ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዓክሳ ክንዷን ወደኔ እንደዘረጋች ናት። “እኔንስ?” አለች። “አትቆጥረኝም?”

ቆጠርኳት።